ስድስተኛው መስመርና ኦርፋ ሉንድ

የእኛ ከተማ ካርቪል አንድን መጽሐፍ ሁለት ጊዜ ተቀብላዋለች። የመጀመሪያው በ1921 ነው፤ ያኔ አንብባ አቃጠለችው። ሁለተኛው በ1951 ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ሳታነበው አቀፈችው። እኔ ሁለቱንም ጊዜ ነበርኩ። ለመጀመሪያው ክብሪቱን፣ ለሁለተኛው ቀለሙን የሸጥኩት እኔ ስለሆንኩ ስለ ነገሩ ለመናገር ከማንም አላንስም።

መጽሐፉ «አቧራማ ሰንበት» ይባላል። የጻፈው የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ልጅ ሌላንድ ፕራት ነው። ሌላንድ በልጅነቱ ከአባቱ ባንኮኒ ጀርባ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ሰው ሲያወራ አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። እኛም ልጁ ትንሽ ይጎድለዋል ብለን እያዘንንለት በፊቱ የልባችንን እናወራ ነበር። በኋላ ቺካጎ ሄደና ያወራነውን ሁሉ በአራት መቶ ገጽ አሳትሞ ላከልን። ስማችንን ቀይሮታል፤ የወይዘሮ ስትራውድን ኮፍያ ግን ከነላባው አስገብቶታል።

የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን የሴቶች ማኅበር መጽሐፉ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ባለው ምድጃ እንዲቃጠል ወሰነ። ችግሩ ከተማው ውስጥ የነበረው ሦስት ቅጂ ብቻ መሆኑ ነው። ሦስት መጽሐፍ ለወግ የሚበቃ እሳት አይወጣውም። ስለዚህ ከኦማሃ አሥራ ሁለት ቅጂ አስመጥተው አቃጠሉ። አሳታሚውም «በነብራስካ ውስጥ መጽሐፋችን እንደ እናንተ ከተማ የተወደደበት ቦታ የለም» ብሎ የምስጋና ደብዳቤ ጻፈልን።

ሠላሳ ዓመት አለፈ። ሌላንድ ሞተ፤ ከሞተ በኋላ ደግሞ ታላቅ ሰው ሆነ። መጽሐፉ በየትምህርት ቤቱ ይነበብ ጀመር። አዲሱ አስፋልት በከተማችን በኩል ሲያልፍ፣ መኪና የያዙ ሰዎች ነዳጅ ማደያው ጋ እየቆሙ «መምህርቷ ያለቀሰችበት ቤት የቱ ነው?» ይሉ ጀመር። የማደያው ባለቤት የአማቱን ቤት ያሳያቸዋል። አማቱም በረንዳዋ ላይ የሎሚ ጭማቂ መሸጥ ጀመረች። የንግድ ማኅበራችን ነገሩ የገባው ይህን ጊዜ ነው።

ስብሰባ ተጠራ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ቤቶችና ሰዎች በእውነተኛው ካርቪል የትኛው ቤትና ማን እንደሆኑ ተጣርቶ፣ በየበሩ ላይ ሰሌዳ እንዲሰቀል ተወሰነ። ሰሌዳውን እንዳሠራ የተመደብኩት እኔ ሮስኮ ቲግ ነኝ። የማኅበሩ ጸሐፊ እኔ ነኝ፤ ምስማሩም ጣውላውም ያለው በእኔ መደብር ነው። በዚያው ሰሞን ፕሮፌሰር ቴይት የሚባል ሰው ከሊንከን ጻፈልን። የልቦለዱን ታሪካዊ መነሻ የሚመረምር መጽሐፍ እያዘጋጀ ኖሮ፣ የእያንዳንዱን ገጸ ባሕርይ እውነተኛ ስም ከነፎቶው እንድንልክለት ጠየቀ። ደስታችን ወሰን አልነበረውም።

መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ደግ ሰዎች ሦስት ናቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ «እኔ ነኝ» ብለው መደብሬ የመጡት አሥራ ዘጠኝ ሆኑ። ድሃውን በነጻ የሚያክመው ሐኪም እኔ ነኝ ካሉት አራት ሰዎች አንዱ የፈረስ ደላላ ነበር። ወይዘሮ ሚነርቫ ስትራውድ፣ ያኔ የመጀመሪያውን ቅጂ በገዛ እጃቸው ምድጃ የከተቱት፣ «ለመምህርቷ ሻል የምታለብሰዋ ደግ ሴት እኔ ነኝ፤ ይኸው ሻሉ» ብለው ይዘው መጡ። የሻሉ የዋጋ ወረቀት ገና አልተነሣም ነበር። እኔም ዝም ብዬ መዘገብኩ።

በክፉዋ ግን ማንም አልተሻማም። ክፉዋ አንዲት ናት፤ የቴሌፎን ማዞሪያው ሠራተኛ፣ ደዋይን ከተደዋይ የምታገናኘው ስኒድ። በመጽሐፉ ውስጥ ስኒድ የሰውን ስልክ ጠልፋ ታዳምጣለች፣ የመምህርቷን ምሥጢር ለከተማው ትዘራለች፣ መምህርቷ ተባርራ በባቡር ስትሄድ ደግሞ በመስኮት እያየቻት ፖም ትገምጣለች። ስኒድ ማን እንደሆነች ለማወቅ አጣሪ ኮሚቴ አያስፈልግም። ከ1908 እስከ 1949፣ አርባ አንድ ዓመት ሙሉ ማዞሪያው ላይ የተቀመጠችው ኦርፋ ሉንድ ናት።

የእኛ ስልክ ያኔም አሁንም በጋራ ሽቦ ነው፤ በአንድ መስመር ስምንት ቤት። ለአንዱ ሲደወል በስምንቱም ቤት ይጮኻል፤ ለማን እንደሆነ የሚለየው ጥሪው ሲረዝምና ሲያጥር ነው። የእኛ ቤት አንድ ረጅም ሁለት አጭር ነበር። የሌላ ሰው ጥሪ ሲሆን ጨዋ ሰው ስልኩን አያነሣም ይባላል። በካርቪል እንዲህ ያለ ጨዋ ሰው ገጥሞኝ አያውቅም። ድስት የምታማስል በግራ እጇ ታማስላለች፤ የምታጠባ ሕፃኑን ወደ ሌላኛው ክንዷ ታዞረዋለች፤ ትንፋሽ እንዳይሰማ መነጋገሪያው ላይ ጨርቅ ጣል ይደረጋል። ታዲያ በዚህ መንገድ የሰማኸውን «በስልክ ሰማሁ» አትልም፤ ነውር ነው። «ከማዞሪያ የወጣ ወሬ ነው» ትላለህ። ማዞሪያ ማለት ኦርፋ ናት። እንዲህ እያልን ሁላችንም ሳንሰማ ሁሉን ነገር እናውቅ ነበር።

ኦርፋ ደግሞ ለማማት የተመቸች ሴት አልነበረችም። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሳቋን የምትቆጥብ። ምጥ የያዛትን ሴት ቤት አዋላጅ የምትልከው እሷ ናት። ዶክተሩ የት ምሳ እንደሚበላ፣ የማን ሚስት አኩርፋ ለጊዜው የማን ቤት እንደገባች ታውቃለች፤ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ስትል የሰማ የለም። በ1931 የበረዶ ማዕበል ጊዜ ሁለት ቀን ከወንበሯ ሳትነሣ በየእርሻው እየደወለች፣ በመንገድ የቀሩትን የትምህርት ቤት ልጆች እንዲፈለጉ ያደረገችው እሷ ናት። ሁሉም ተገኙ። እኛም በማመስገን ፈንታ «መቼም ማዳመጥ ልማዷ ነው» አልን። ከሥራ ያላባረርናት ስለምንወዳት አልነበረም። እሷ ብትሄድ በማን ላይ እናላክክ ነበር?

የመምህርቷ ነገር በእውነት የሆነው በ1912፣ የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ በወደቀበት ሳምንት ነው። መምህርታችን አይዴል ፋሮ ትባል ነበር። ልጆቹ ይወዷታል፤ ከኦርፋ ጋር አንድ ሹራብ ተዋውሰው የሚለብሱ ጓደኛሞች ነበሩ። ተከራይታ የምትኖረው በስድስተኛው መስመር ላይ ባለች አንዲት መበለት ቤት ነው፤ በእኛው መስመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከኦማሃ አንድ ወንድ ደወለላት። በማግሥቱ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሁሉ አይዴል ባል እንዳላት፣ ከእሱም ሸሽታ እንደመጣች፣ ሰውየው ፍቺውን አልፈርምም እንዳላት ያውቅ ነበር። ያኔ ባል ያላት ሴት ማስተማር አይፈቀድላትም፤ ውሏ ላይ ተጽፏል። በአራተኛው ቀን ሻንጣዋን ይዛ ባቡር ጣቢያ ቆመች። ኦርፋ ልትሰናበታት ብትሄድ ፊቷን አዞረችባት። በ1918ቱ የኅዳር በሽታ ኦሪገን ውስጥ መሞቷን ሰማን፤ እንደዚያው እንዳዞረችባት ነው የሞተችው።

ከኦማሃ በተደወለበት በዚያው ሰዓት የገበሬው የኬስለር የእህል ጎተራ ከነሁለት ፈረሱ ተቃጥሏል። የእሳት አደጋ አለቃችን ሃብ ዴትሪክ ዘግይቶ ደረሰ። ለዚህም ምክንያቱ ታወቀ፤ ኦርፋ የመምህርቷን ስልክ ስታዳምጥ ሥራዋን ረስታ ነው ተባለ። ሁለት ኃጢአት በአንድ ከሰዓት በኋላ ተጫነባት። ከክሬም ፋብሪካው ባለቤት ልጅ ጋር የነበራትን እጮኝነት የልጁ እናት በዚያው ሳምንት አፈረሱት። ከዚያ በኋላ ማንም ለጋብቻ አልጠየቃትም።

እንግዲህ በ1951 አንድ ማክሰኞ ጠዋት ኦርፋ መደብሬ ገባች። ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ጀርባዋ አሁንም አልጎበጠም። የእሷ ሰሌዳ ባንኮኒው ላይ ሊደርቅ ተዘርግቷል። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበችው።

«"የክፉዋ ስኒድ ቤት። ኦርፋ ሉንድ እዚህ ትኖራለች።" አይ ሮስኮ! "ትኖራለች" የምትለዋ ለምን አስፈለገች? ትንሽ ብትታገሡኝ እሞትላችሁ ነበር እኮ።»

«ኮሚቴው ነው እኮ ኦርፋ። በድምፅ ብልጫ ነው ያለፈው።»

«አንተስ እጅህን አወጣህ?»

«እኔ ቃለ ጉባኤ እየያዝኩ ነበር።»

«መቼ ነው አንተ የሆነ ነገር የማትይዘው?» አለችና መነጽሯን አወለቀች። «ስማኝ፣ ሌላንድ አልዋሸብኝም። የነገራችሁትን ነው የጻፈው፤ ስሜንም አላነሣም። ይሄ ፕሮፌሰር ግን ስሜን ሊያትመው ነው፣ ከነፎቶዬ። የሌላንድ ልቦለድ ነው ተብሎ ይታለፋል። የዚህኛው ታሪክ ነው የሚባለው። አንዴ ታሪክ ከሆነብኝ ማን ይፍቅልኛል? ያላደረኩትን ተሸክሜ መቀበር አልፈልግም።»

«ታዲያ ለፕሮፌሰሩ ንገሪዋ።»

«እነግረዋለሁ። ሐሙስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደውልልኝ።»

«ምን አስቸኮለሽ? በሚቀጥለው ወር ራሱ ይመጣል፣ ፊት ለፊት ታወራላችሁ።»

«በስልክ ነው ያልኩህ። ደግሞ ለሰው አትንገር አላልኩህም።»

ይህን ዓይነት ነገር ስለመን ሰንፌ አላውቅም። ማክሰኞ ማታ ሳይመሽ ያልሰማ ሰው አልነበረም።

ሐሙስ ስምንት ሰዓት ሊሆን ሲል ዋናው መንገድ ላይ አንድ ውሻ ብቻ ነበር። የስድስተኛው መስመር ቤቶች ሁሉ እንግዳ በዝቶባቸዋል። ወይዘሮ ስትራውድ ቤት አሥር ሴቶች ለስፌት ተሰብስበዋል ተባለ፤ መርፌ የያዘችው አንዲት ናት። እኔ በመደብሬ በር ላይ «ምሳ ላይ ነኝ» የሚለውን ሰቅዬ ከጀርባ ገባሁ። መደብሩም ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። ኦርፋም ጡረታ ወጥታ ቤቷ ስልክ ስታስገባ የደረሳት ይኸው መስመር ነበር።

ሁለት ረጅም ጮኸ፤ የእሷ ነው። ማዳመጫዬን በዝግታ አነሣሁ። ሌሎቹም በዝግታ አነሡ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ሲል ይሰማኛል።

«ወይዘሪት ሉንድ፣ ይሰማዎታል? ድምፅዎ ደከመብኝ» አለ ፕሮፌሰር ቴይት።

«ሰው ሲበዛ ሽቦው ይደክማል» አለች ኦርፋ።

«ምን አሉኝ?»

«ይቀጥሉ ነው የምልዎት።»

«እንግዲያው ነገሩን ከመጀመሪያው ያጫውቱኝ።»

«ምን ልደብቅዎት፣ ፕሮፌሰር። ስኒድ እኔው ነኝ። ሰምቻለሁ።»

እንዴት ደስ እንዳለኝ ለመናገር አፍራለሁ። በቃ፣ ራሷ አመነች። የፕሮፌሰሩ እርሳስ ወረቀት ላይ ሲሮጥ የሰማሁት መሰለኝ።

«ሰውየው ከኦማሃ ደወለ» ብላ ቀጠለች። «ገና ሄሎ ሳይላት "አይዴል፣ አሁንም ሚስቴ ነሽ፣ ፍቺውን አልፈርምም" አላት። የመጀመሪያ ቃሉ ይህ ነው። እሱን ሰማሁና ተነሥቼ ወጣሁ። ሌላ የለም።»

«የመጀመሪያ ቃሉ?»

«የመጀመሪያ ቃሉ።»

መስመሩ ላይ አንድ ሰው በኃይል ተነፈሰ። ማን እንደሆነ ዐወቅኩ። ወይዘሮ ስትራውድ ይህን ታሪክ በሴቶች ማኅበር ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት አውርተውታል፤ እያንዳንዷ ቃል ቦታ አላት። ታሪኩ በጆሯቸው እንዲህ ሲበላሽ ዝም ማለት ከአቅማቸው በላይ ነበር።

«ኧረ አይደለም!» አሉ።

«ማን ልበል?» አለ ፕሮፌሰሩ።

«የመጀመሪያ ቃሉ ስለ ሻንጣዋ ነው! "ሻንጣሽ እኔ ጋ ነው" ነው ያላት። ቀጥሎ ስለ እናቱ ሕመም አወራት። ሚስቴ ነሽ የመጣችው መጨረሻ ላይ ነው። ነገር ሲገለባበጥ አልወድም።»

«እናቱ አይደለችም የታመመችው፤ እህቱ ናት» አለ ሌላ ጎርናና ድምፅ። ሃብ ዴትሪክ ነው፤ የእሳት አደጋ አለቃው፣ አሁን ሰባ አንድ ዓመቱ።

«አንተ ደግሞ ምን ሰማህና ነው፣ ሃብ? ትምባሆህን እያኘክ ግማሹ አምልጦህ!»

«እርስዎ ምድጃዎን እየቆሰቆሱ ማን እንዲሰማ ፈቀዱለት? እህቱ ናት አልኩ፣ እህቱ ናት።»

«ሻንጣው ቡናማ ነበር» አለ ማንነቱን እስከ ዛሬ ያላወቅኩት ሦስተኛ ድምፅ።

«ይቅርታ ወይዘሮ ስትራውድ» አለች ኦርፋ ረጋ ብላ። «አርጅቻለሁ፣ ይምታታብኛል። ሚስቴ ነሽ ያላት ታዲያ ምን ጊዜ ነው?»

«ደወሉ ሲደወል ነዋ! የቤተ ክርስቲያኑ ደወል መጮህ ከጀመረ በኋላ። ደወሉ አላሰማ ብሎኝ አንዱን ጆሮዬን በዕቃ ማጠቢያ ጨርቅ ደፍኜ ነው የሰማሁት። ሁለት ጊዜ ነው ሚስቴ ነሽ ያላት።»

«ሦስት ጊዜ» አለ ሃብ።

«ደወሉ እየተደወለ?» አለች ኦርፋ።

«እየተደወለ ነው የምልሽ! ከዚያ በፊት አንዲት ቃል አልወጣውም። ልማልልሽ?»

«አይ፣ አይማሉ። ደወሉን ግን ማን ነበር የሚደውለው፣ ወይዘሮ ስትራውድ?»

ደወሉን ማን እንደደወለ የማያውቅ ሰው ካርቪል ውስጥ የለም። የስልክ ኩባንያው «ደወል ልትደውል ማዞሪያውን ትታ ወጥታለች» ብሎ ለኦርፋ የጻፈላት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ፖስታ ቤቱ በር ላይ አንድ ወር ተለጥፎ ነበር። እኛ ያን ከጥፋቶቿ አንዱ አድርገን ነበር የምንቆጥረው።

«ፕሮፌሰር፣ ይጻፉልኝ» አለች ኦርፋ። «የኬስለር ሚስት በሦስተኛው መስመር ደውላ ጎተራችን እየነደደ ነው አለችኝ። የእሳት አደጋ አለቃው ያለው ስድስተኛው መስመር ላይ ነው። ስድስተኛው መስመር ላይ ያለ ሰው ሁሉ ማዳመጫውን አንሥቷል፤ ስልኩ ሲነሣ ቃጭሉ አይጮኽም። ደጋግሜ ሞከርኩ። ሲያቅተኝ ሮጥኩና የቤተ ክርስቲያኑን ደወል በገመድ ደወልኩ። መዳፌ ተላጠ። ያ ሰው ሚስቴ ነሽ ሲላት እኔ ገመዱ ላይ ነበርኩ። ይህን ብነግራቸው "ከመውጣትሽ በፊት ሰምተሻል" ይሉኛል። ቃሉ ምን ሰዓት ላይ እንደተባለ የሚመሰክርልኝ አጥቼ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ኖርኩ። ለካስ ሁሉም ያውቀው ኖሯል።»

«እኔ…» አለ ሃብ። «እኔ ደወሉን እንደሰማሁ ወጥቻለሁ።»

«ሦስተኛውን ከሰማህ በኋላ» አለች ኦርፋ።

ሃብ ሁለቱ ፈረሶች ትዝ ብለውት ይሆናል። እኔ ትዝ አሉኝ።

«ይቅርታ፣ ወይዘሪት ሉንድ» አለ ፕሮፌሰሩ ግራ ገብቶት፣ «መስመሩ ላይ ያሉት እነማን ናቸው?»

«ታሪካዊ መነሻውን ነበር የፈለጉት አይደል፣ ፕሮፌሰር? እነሱ ናቸው። አሁን አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረኝ። ሁላችሁም ሰማችሁ፤ ይሁን። ግን መጀመሪያ ከቤቱ ወጥቶ ያወራው ማነው? አይዴል እኔ የሆንኩ መስሏት ነው የሞተችው። ማንንም መክሰስ አልፈልግም። ማወቅ ነው የምፈልገው።»

ከአንደኛው ቤት የግድግዳ ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል። ማንም አልመለሰም፤ ሌሎቹ በእውነት የማያውቁትም ይመስለኛል። እኔ ግን ዐውቅ ነበር።

በዚያን ቀን የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። ጆሮ ደግፍ ይዞኝ ወጥ ቤት ውስጥ አልጋ ተዘርግቶልኝ ተኝቻለሁ። እናቴ ኮራ ስልኩ ላይ ናት፤ መነጋገሪያው ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ። ደወሉ ሲጮህ እንኳ ማዳመጫውን አልለቀቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ሰቀለች፣ ኮፍያዋን አደረገች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ግን የልጆቻችን ጉዳይ ነው፤ ሰው ማወቅ አለበት» አለችኝና የትምህርት ቤቱ ቦርድ ሰብሳቢ ቤት ሄደች። እነሱ ስልክ አልነበራቸውም። ስትመለስ ሾርባ ሠራችልኝ። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ኦርፋ ናት ሲል እናቴ ዝም አለች፤ እኔም ዝም አልኩ። ሾርባው ጥሩ ነበር፣ ጠጣሁት።

አሁን ማዳመጫው እጄ ላይ ከበደኝ። «እናቴ ናት» ማለት ሁለት ቃል ነው። አፌን ከፈትኩ፤ አልወጣኝም። ከዚያ በሕይወቴ ከሠራኋቸው ነገሮች ሁሉ የሚያሳፍረኝን ሠራሁ። ማዳመጫውን በቀስታ፣ እንዳይሰማ ተጠንቅቄ፣ ሰቀልኩት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሰቀልኩት እኔ ብቻ ነበርኩ። አርባ አንድ ዓመት ማዞሪያ ላይ የተቀመጠች ሴት ደግሞ እያንዳንዱን ቤት በአሰቃቀሉ ትለየዋለች።

የንግድ ማኅበሩ በማግሥቱ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራ። የሰውን ስም በአደባባይ መለጠፍ ለሠለጠነ ከተማ የማይገባ መሆኑ በድንገት ተገለጠልን። ወይዘሮ ስትራውድ ሐሳቡን አቀረቡ፣ ሃብ ደገፈ፣ በሙሉ ድምፅ አለፈ፤ እኔ ቃለ ጉባኤ ያዝኩ። ሰሌዳዎቹ ሁሉ ወረዱና በአሮጌው ማዞሪያ ቤት በር ላይ አንድ ብቻ ተሰቀለ፦ «በ1912 እዚህ ስልክ ነበር።» ፕሮፌሰሩ የኦርፋን ስም ከመጽሐፉ እንደሚያወጣ፣ በምትኩ «ስድስተኛው መስመር» የሚል ምዕራፍ እንደሚጨምር ጻፈ። ያፈረ ሰው የጠፋው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የአራተኛው መስመር ሰዎች «እኛም እኮ ያኔ እናዳምጥ ነበር፤ መዝግበን» እያሉ መደብሬ ይመጡ ጀመር። አንዱ ያ የፈረስ ደላላ ነበር።

ኦርፋ የመጣችው በሦስተኛው ሳምንት፣ አንድ ቅዳሜ ነው። የአትክልት መቀስ ጠየቀችኝና ሁለት ሦስት አውርጄ ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁላት። የምለውን ነገር ስንት ቀን ስዘጋጅበት ከርሜ ነበር፤ እሷ ግን ቀደመችኝ።

«እናትህ ናት» አለች መቀሱን እየከፈተችና እየዘጋች። እየጠየቀችኝ አልነበረም።

«አዎ።»

«አንተም ታውቅ ነበር።»

«አዎ፣ ኦርፋ።»

«ኮራ ቅዳሜ ቅዳሜ ኬክ ጋግራ ታመጣልኝ ነበር» አለች። «አሥራ ስምንት ዓመት፣ እስክትሞት። ሌላው እኔን ሲያይ መንገድ ሲቀይር፣ እሷ ወጥ ቤቴ ገብታ ትቀመጣለች፣ እጄን ትይዘኛለች። በዚህ ከተማ የምታምነኝ አንዲት ሰው አለች እያልኩ ነው የኖርኩት።»

«ይቅር በይኝ» አልኩ።

መቀሱን ባንኮኒው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። ፊቷ ላይ ንዴት ቢኖር በቻልኩት ነበር፤ አልነበረም። ድካም ብቻ ነው ያየሁት።

«በሙታን መታሰቢያ ቀን መቃብሯ ላይ አበባ የማኖረው እኔ ነበርኩ» አለች። «በየዓመቱ፣ ከጓሮዬ ቆርጬ። ዘንድሮ አንተ ሂድ።»

በሩን ዘግታ ወጣች። የእናቴ መቃብር ሃያ አንድ ዓመት በዚያ ቀን አበባ አጥቶ አያውቅም። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ እህቴ የምታኖረው ይመስለኝ ነበር።